ዜማ እጅ በእጅ፦ ከዲንካ እስከ ሚሞሪ በወላይታ ሶዶ

በ1887 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ጦር የወላይታን ንጉሥ ካዎ ጦናን ድል አድርጎ አገሩን ሲይዝ፣ ከዘማቹ ጋር አብሮ የወረደ ቫንደርሄይም የሚባል ፈረንሳዊ ነጋዴ ነበር። ያየውን እልቂትና የከብት ምርኮ ከፎቶግራፍ ጋር በመጽሐፍ አድርጎ ብዙም ሳይቆይ በፓሪስ አሳተመው። ስለዚያ ጦርነት የዓይን ምስክር የሚሻ ሰው ዛሬም ወደዚያ መጽሐፍ ይሄዳል። ድምፅ ግን የለበትም። የዚያን ዘመን ወላይታ ሠርጉን በምን ዜማ እንደሚያደምቅ፣ ሙሾውን እንዴት እንደሚያወርድ የምናውቀው ልጅ ከአባቱ፣ ተቀባይ ከአውራጁ እየሰማ ስላመጣው ብቻ ነው።

ያ ዜማ ሰው ይፈልግ ነበር። ዲንካና ዛዬ የሚባሉት መለከቶች ብዙ ሆነው ሲነፉ ነው የሚያምሩት፤ አንዱ ያቆመበትን ሌላው ያነሳዋል፣ ከበሮው ሥር ሥሩን ይሄዳል። በመስከረም አጋማሽ የዘመን መለወጫው ጊፋታ ሲገባ የሚዜመው «ሀያያ ሌኬ»ም እንዲሁ ነው፤ አውራጅ አለው፣ ተቀባይ አለው፣ ዝም ብሎ ቆሞ የሚያዳምጥ ግን እምብዛም የለውም። መስማት ማለት እዚያው መገኘት ነበር። የጊፋታን ዜማ በግንቦት የናፈቀ ሰው እስከ መስከረም መጠበቅ ነበረበት። ይህን አስቀድሜ የማነሳው ኋላ የመጡት ዕቃዎች ሁሉ፣ ሸክላውም ካሴቱም ስልኩም፣ የነኩት ይህንኑ ስለሆነ ነው፤ ዜማን ከቦታው፣ ከጊዜውና ከባለቤቱ እየለዩ ወደ ሌላ ቤት አስገቡት።

ድምፅን በዕቃ መያዝ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በቤተ መንግሥት በር ነው። በነሐሴ 1890 ዓ.ም. የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ በሰም ሲሊንደር ላይ ያስቀረጸችው መልእክት ለምኒልክና ለጣይቱ ተላከ፤ በተከታዩ ዓመት ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌይቱ በዚያው መሣሪያ መልሳቸውን ላኩ። የእነርሱ ድምፅ ዛሬም ይሰማል። ከዚያ አሥር ዓመት ያህል ቆይቶ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ወደ ጀርመን ሄዱ። የተላኩት የአውቶሞቢል ሙያ እንዲማሩ ነበር፤ ዜማቸውንም በርሊን ላይ አስቀረጹ። ከ1900 እስከ 1902 ዓ.ም. ባለው ጊዜ የተቀረጹት 17 ሸክላዎች የኢትዮጵያ ዘፈን ለመጀመሪያ ጊዜ በገበያ ዕቃ ላይ የተቀመጠባቸው ናቸው።

የሸክላ ነገር ግን ለሶዶ ሩቅ ነበር። በአንድ ፊት ሦስት ደቂቃ ያህል የሚይዝ፣ ከእጅ ቢወድቅ የሚሰበር፣ በእጅ የሚጠመዘዝ ግራማፎንና በየጊዜው የሚቀየር መርፌ የሚፈልግ ዕቃ ነው። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ፣ በዳሞታ ተራራ ግርጌ ላለች ከተማ ይህ የሹማምንትና የጥቂት ነጋዴዎች ጌጥ ከመሆን አላለፈም። የመንግሥቱም ሕግ ነገሩን አጥብቦት ነበር፤ ከጣሊያን ወረራ በኋላ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ለሁለት አሥርት ዓመታት ያህል ቆየ።

በዚያው ዘመን በወላይታ ምድር ከሸክላ ጋር የማይገናኝ ሌላ የዜማ ታሪክ ይካሄድ ነበር፤ ለእኔ ከሁሉ የሚያስደንቀኝም እርሱ ነው። በ1920 ዓ.ም. የሱዳን የውስጥ ሚሲዮን ሰዎች ሶዶ ደረሱ። በ1929 ጣሊያኖች ሲያስወጧቸው ትተዋቸው የሄዱት የተጠመቁ አማኞች 48 ብቻ እንደነበሩ የራሳቸው መዛግብት ይናገራሉ። ከአምስት ዓመት በኋላ ወሬው ሲሰማ ቁጥሩ ወደ 10,000 ደርሶ ነበር። በዚያ መካከል ግራማፎን የለም፣ የታተመ የመዝሙር መጽሐፍ የለም፤ ከተማሩት ይልቅ ያልተማሩት እጅግ ይበዛሉ። የነበረው የሚያወርድና የሚቀበል ሕዝብ ነው። መዝሙሩ በጊፋታና በሠርግ በተለመደው በመቀባበል መንገድ ከቀበሌ ወደ ቀበሌ፣ ከገበያ ወደ ገበያ ተሻገረ፤ አንድ ወንጌላዊ ማታ ያወጣውን ሌላው ጠዋት በሌላ መንደር ያወጣዋል። ቃልን በዜማ አስሮ ማስተላለፍ የቱን ያህል ርቀት እንደሚሄድ ማወቅ የሚፈልግ ሰው የእነዚያን አምስት ዓመታት ወላይታ ይመልከት።

በኋላ ከሎስ አንጀለስ የተነሣው የወንጌል ሸክላ ማኅበር ስብከትና ዝማሬ በብዙ ቋንቋዎች እየቀረጸ፣ ኤሌክትሪክ በሌለበት በእጅ እየተጠመዘዘ እንዲሰማ ማድረግ ጀመረ። ወላይትኛም ከተቀረጹት ቋንቋዎች አንዱ ሆነ። አዲስ አበባ ሸክላን ከመዝናኛ ጋር ስታውቀው፣ በደቡቡ ገጠር ግን ሸክላና ስብከት አብረው የገቡበት ቤት አለ ማለት ነው።

1955 ዓ.ም. ሁለት ነገር አመጣ፤ በጊዜው የተገናኙ አይመስሉም ነበር። በየካቲት 19 የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ያቋቋመው የብሥራተ ወንጌል ራዲዮ ጣቢያ ከአዲስ አበባ ሥርጭቱን ጀመረ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ደግሞ ፊሊፕስ የሚባለው የሆላንድ ኩባንያ በበርሊን የራዲዮ ትርኢት ላይ በኪስ የምትገባ ትንሽ ካሴት አሳየ። ያች ካሴት ራሷ ተሰማ እሸቴ ከዘፈኑባት ከተማ መውጣቷ ሁልጊዜ ይገርመኛል። በውስጧ ያለው ክር ስፋቱ አራት ሚሊ ሜትር የማይሞላ፣ የብረት ዝገት ዱቄት የተቀባ ቀጭን ፕላስቲክ ነው። ዱቄቱ ላይ የተጻፈውን ማግኔት ያነበዋል፤ ያው ማግኔት ይደመስሰዋል፤ እንደገናም ይጽፍበታል። ሸክላን የገዛ ሰው የሚችለው መስማት ብቻ ነበር። ካሴት የያዘ ግን መቅዳትም ይችላል፤ የሚቀዳውንም ማንም አልመረጠለትም።

ይህ ወደ ሶዶ እስኪደርስ አሥር ዓመት ከዚያም በላይ ፈጀ። በመካከሉ ራዲዮ ነገሠ። ባትሪ ድንጋይ የሚበላ ትንሽ ትራንዚስተር ያለው ቤት የመንደሩ መሰብሰቢያ ነበር፤ ጥላሁን ገሠሠ፣ ብዙነሽ በቀለ፣ ማህሙድ አህመድ ወላይታ የገቡት በዚያ ነው። ድንጋዩ ሲደክም አውጥቶ ፀሐይ ላይ ማስጣት፣ ጥርስ ላይ አድርጎ ነከስ ማድረግ፣ ከዚያ ጥቂት ቀን ማትረፍ በየቤቱ የተለመደ ዘዴ ነበር። ራዲዮ ሰውን ሰበሰበ፤ ምርጫውን ግን ለራሱ አስቀረ። የወደዱት ዘፈን ካለፈ አለፈ፣ አይመለስም።

አዲስ አበባ በዚያ ሰዓት የሸክላ ወርቃማ ዘመኗን ታይ ነበር። በ1960ዎቹ መግቢያ ላይ አምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት የሀገር ፍቅርን ብቸኛ መብት ተዳፍሮ በአለማየሁ እሸቴ ሸክላ ሥራ ጀመረ፤ እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ 103 ትንንሽ ሸክላዎችንና ደርዘን ያህል ትልልቆችን አወጣ። አሊ አብደላ ካይፋ፣ ሰው «አሊ ታንጎ» የሚለው፣ በካይፋ ስም ተከተለው። እነዚህ ሥራዎች ዛሬ በኢትዮፒክስ ስብስብ በኩል ዓለም የሚያደንቃቸው ናቸው፤ ማድነቁም ይገባል። ሆኖም በአብዛኛው የአማርኛ ነበሩ፣ የተቀረጹትም የተሸጡትም በዋናነት ከተማ ላይ ነበር። የጎረቤቶቻችን የዶርዜዎች ድንቅ የኅብረ ድምፅ ዜማ በሸክላ ሲወጣ እንኳ ቀራጩ ፈረንሳዊው የሙዚቃ አጥኚ በርናርድ ሎርታ ዣኮብ ነበር፣ የታተመውም በ1977 እ.ኤ.አ. በፓሪስ። ስለዚህ በአዲስ አበባ ታሪክ ውስጥ ሰፊውን ምዕራፍ የያዘው ሸክላ በወላይታ ታሪክ ውስጥ አንድ ገጽ ነው። የእኛ ዘመን የጀመረው በካሴት ነው።

ደርግ ሲመጣ ነገሮች በአንድ ጊዜ ተለዋወጡ። አምሃ በ1967 ከሀገር ወጣ። ሰዓት እላፊው የአዲስ አበባን የሌሊት ሕይወት ዘጋው፤ ዘፈን ከጭፈራ ቤት ወደ መኖሪያ ቤት ገባ፣ ለመኖሪያ ቤት ደግሞ ከሸክላ ይልቅ ካሴት ይመቻል። ጥቂት ዓመት ሳይቆይ ሸክላ ማተም ቆመ። መጋቢት 3 ቀን 1969 ብሥራተ ወንጌል ተወርሶ የአብዮቱ ድምፅ ሆነ። ወላይታ በሲዳሞ ክፍለ ሀገር ሥር ያለ አውራጃ ነበር፤ የኪነት ቡድኖች በየአውራጃው ተቋቁመው በየብሔረሰቡ ቋንቋ ስለ አብዮቱ ሲዘፍኑ፣ በወላይታ የነበሩት፣ ከእነዚያ ቀደምት አማኞች የበቀለችው የቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን ጸሎት ቤቶች በብዛት እየተዘጉ ሄዱ።

እዚህ ላይ ካሴት ከሙዚቃ ዕቃነት አለፈ። የተዘጋ ቤተ ክርስቲያን መዘምራን የለውም፤ የሚሰበሰቡበት ቦታ የላቸውም። ካሴት ግን በነጠላ ተጠቅልሎ፣ በእህል ከረጢት ውስጥ ገብቶ ይሄዳል። የይርጋለሙ ዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶ በዚያ ዘመን ሰባት ዓመት ታሰረ፤ እርሱ በእስር ላይ ሳለ ድምፁ በየቤቱ ይሰማ ነበር። ከዓመታት በኋላ ሊላ ባሊስኪ የምትባል፣ በኢትዮጵያ ረጅም ዘመን የኖረች ሚሲዮናዊት በ2018 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ መዝሙሮቹን አንድ በአንድ አጥንታቸዋለች። መጽሐፉ ስለ ግጥምና ስለ እምነት ነው፤ እኔ ግን በልቤ የማስበው ስለ ዕቃው ነው። አንዱ ካሴት ወደ ሁለተኛው ሲገለበጥ አንድ ንብርብር ሹክሹክታ ይጨመርበታል። ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ሲሄድ ሌላ። አምስተኛው ላይ ዘማሪው ከዝናብ ጀርባ ሆኖ የሚዘምር ይመስላል። ሰዎች ያን ድምፅ እንዲያ እንዳለ ወደዱት፤ ሹክሹክታው ካሴቱ በስንት እጅ እንዳለፈ ይናገር ነበርና።

ለመገልበጥ ሁለት ቴፕ ይበቃል። አንዱን ከአንዱ ፊት ለፊት አስቀምጦ፣ በር ዘግቶ፣ ዶሮውንና ልጁን አስወጥቶ መቅዳት ነው። ሽቦ ያለው በሽቦ ያገናኛል። ስድሳ ደቂቃ የሚይዘው ካሴት ሠላሳ ደቂቃ ሲሆነው ይገለበጣል፤ ሁለተኛው ፊት ላይ ብዙ ጊዜ መጨረሻው ዘፈን ሳያልቅ ክሩ ያልቃል፣ ያች የተቆረጠች ዘፈን ደግሞ እንደተቆረጠች ትወደዳለች። ቴፑ ክሩን ሲበላው በጥንቃቄ ይጎተታል፣ በእስክሪብቶ ይጠነጠናል፣ የተበጠሰው በፕላስተር ይቀጠላል። ማዳመጥ የእጅ ሥራ ነበረው። ከካሴቱ ዐቃፊ ወረቀት ላይ የድምፃዊው ፎቶ፣ የግጥሙና የዜማው ደራሲ፣ ያቀናባሪው፣ የሙዚቃ ቤቱ ስም ይነበባል፤ ኤሌክትራ፣ አምባሰል፣ ታንጎ የሚሉትን ስሞች ሶዶ ያለ ልጅ ሸክላ ሳያይ በዚያ ወረቀት ተማራቸው።

በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ጸሎት ቤቶች ተከፈቱ፤ መዝሙር ከእህል ከረጢት ወጥቶ ሱቅ ላይ ተደረደረ። ሶዶ የመንገዶች መገናኛ ናት፤ የአርባ ምንጩ፣ የዳውሮው፣ የጎፋው፣ የሆሳዕናውና የሻሸመኔው መንገድ እዚያ ይገናኛሉ። መናኸሪያው አካባቢ ያለ ካሴት ቤት ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገዱ አዙሮ ሲለቅ ገበያተኛው ሁሉ ይሰማል፣ የወደደው ይገዛል። የዘፈን ወሬ ያኔ በመንገድ ነበር የሚሄደው፤ ከአውቶቡስ የወረደ ሰው ሻንጣው ውስጥ ዳሞታ ገና ያልሰማት ካሴት ሊኖረው ይችላል።

በእነዚያ ዓመታት በወላይትኛ የሚዘፍኑና የሚዘምሩ ሰዎች የራሳቸውን ካሴት ማውጣት ጀመሩ። የሚያጅባቸው ብዙ ጊዜ አንድ ኦርጋን ነበር፤ ከበሮውም መለከቱም ክራሩም ከዚያችው ሣጥን ይወጣል። ዲንካን የሚያውቅ ሽማግሌ ይህን ሰምቶ ቢያዝን አይፈረድበትም። ነገር ግን ወላይትኛ በገዛ ዕቃው ላይ፣ በገዛ ሰዎቹ ምርጫ፣ በብዛት የተቀመጠው ያኔ ነው። ቋንቋው ምን ያህል ከባድ ነገር እንደነበር በ1992 ዓ.ም. ታየ። የወላይታ፣ የጋሞ፣ የጎፋና የዳውሮ ቋንቋዎችን ቀላቅሎ የተዘጋጀ መማሪያ መጽሐፍ ወደ ትምህርት ቤት ሲገባ ሶዶ ተነሣች፤ ሰው ሞተ፣ መምህራን ታሰሩ፣ መጽሐፉ ተነሣ። በ1993 ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። ከዚያ በኋላ በወላይትኛ የወጣ ካሴት መግዛት ከዘፈን መውደድ ያለፈ ነገር ነበረው ብዬ አምናለሁ።

የሚገዛውም በሶዶ ያለው ብቻ አልነበረም። የወላይታ መሬት ጠባብ ነው፣ ሰው ብዙ ነው፤ ልጆቹ ወደ ወንጂና መተሐራ የስኳር እርሻዎች፣ ወደ አዋሽ ሸለቆ፣ ወደ አዲስ አበባ ጎዳና ለሥራ ይሄዳሉ። አዲስ አበባ ላይ ጫማ የሚያሳምረው ወጣት ለጊፋታ አገሩ ገብቶ ሲመለስ ካሴት ይዞ ይመለሳል፤ በአንድ ክፍል አምስትና ስድስት ሆነው ለሚከራዩት ልጆች ሁሉ ማታ ማታ የምትጫወተው ያችው ናት። ከአገር ርቆ ለሚኖር ሰው ካሴት የምትጨበጥ አገር ነበረች።

የካሴት በጎነት ጥፋቱም ነበር። ማንም ሊገለብጠው ስለሚችል ማንም ይገለብጠዋል፤ አዲስ አበባ ላይ የወጣ ሥራ በሳምንቱ በሕገወጥ ቅጂ ክፍለ ሀገር ይደርሳል፣ ድምፃዊው ከመጀመሪያው ክፍያ በቀር ምንም አያይም። በ1996 ዓ.ም. የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ወጣ፤ በ2007 ተሻሽሎ የጋራ አስተዳደር ማኅበራት የሮያሊቲ ክፍያ እንዲሰበስቡ ፈቀደ። አዋጁ ሲወጣ የሚጠብቀው ካሴትንና ሲዲን ነበር። ሲዲ ለጥቂት ዓመታት ብልጭ ብሎ አለፈ፤ ይጫራል፣ ማጫወቻው ቴሌቪዥንና መብራት ይፈልጋል፣ ለገጠር አይሆንም። ቪሲዲው የወላይታን ጭፈራ፣ ያን ወገብን የሚያናግር እንቅስቃሴ፣ በየምግብ ቤቱ ግድግዳ ላይ እንዲታይ ማድረጉ ግን አይካድም።

አዋጁን የቀደመው ነገር ከጀርመን ነበር የመጣው። በኤርላንገን ከተማ ያሉ መሐንዲሶች የሰው ጆሮ የማያስተውለውን ድምፅ እየተዉ ዘፈንን ወደ አንድ አሥረኛ የሚያሳንስ ዘዴ ሠርተው በሐምሌ 1987 ዓ.ም. ኤምፒ3 የሚል ስም አወጡለት። ሚሞሪ ካርድ የሚገባበት ርካሽ ስልክ ወደ ወላይታ ሲደርስ ሁለቱ ተገናኙ። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ አምስት ደቂቃ የሚሆን ዘፈን አምስት ሜጋባይት ያህል ይይዛል፣ ስለዚህ ሁለት ጊጋ የምትይዝ ጥፍር የምታክል ካርድ 400 ዘፈን ትሸከማለች። አርባ ካሴት ማለት ነው። አንድ ቤተሰብ በሃያ ዓመት ያጠራቀመው ሁሉ።

ዲጂታል ሙዚቃ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ኢንተርኔትን ነው፤ በሶዶ ግን ዲጂታሉ ለአሥር ዓመት ያህል የመጣው በእጅ ነው። ፎቶ ኮፒ የሚያነሱ፣ ጽሑፍ የሚተይቡ ትንንሽ ቤቶች ኮምፒውተራቸው ላይ ዘፈን አከማቹ። ደንበኛ ሚሞሪውን አውጥቶ ይሰጣል፣ «መዝሙር ሙላልኝ»፣ «የሠርግ ወላይትኛ ጨምርበት» ይላል፤ ክፍያው በጊጋ ወይም በዘፈን ቁጥር ነው። የጫኚው ልጅ ጣዕም የቀበሌው ጣዕም ይሆናል፤ እርሱ ያልወደደው ዘፈን ገጠር አይወጣም። ቅዳሜ ገበያ ወጥቶ ሚሞሪ ያስሞላ ገበሬ ከቡናና ከጨው ጋር ዘፈን ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል። ከዚያ ብሉቱዝ ቀጠለ፣ ከዚያ ዜንደር የሚባለው መተግበሪያ፤ ሁለት ሰዎች ስልካቸውን አጠጋግተው ፋይሉ እስኪያልፍ ይቆማሉ። በ1999 ዓ.ም. የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ሲከፈት ከየአቅጣጫው የመጡ ተማሪዎች ላፕቶፕና ፍላሽ ይዘው ገቡ፤ የትግርኛው፣ የኦሮምኛው፣ የጉራጊኛው ዘፈን ከተማዋ ገባ፣ ወላይትኛውም በፍላሽ ተጭኖ ወጣ። ዕቃው ተቀየረ እንጂ ልማዱ የካሴት ነው፤ ሰው ለሰው ይሰጣል፣ የሰጠውም ይታወቃል።

የጠፋው ስም ነው። የካሴቱ ዐቃፊ ወረቀት የነገረንን ሚሞሪው አይነግረንም። ፋይሉ «ትራክ 01» ይላል፤ ወይም የጫኚው ቤት ስልክ ቁጥር ተጽፎበታል። ማን እንደዘፈነ፣ ማን እንደደረሰ፣ ከበሮውን ማን እንደመታ ሳይታወቅ ሺህ ሰው ይሰማዋል። ለአማርኛ ታዋቂዎች ይህ ብዙም ጉዳት አልነበረውም፤ ድምፃቸው ይታወቃል፣ ራዲዮ ስማቸውን ይጠራል። አንድ ካሴት አውጥቶ ወደ እርሻው የተመለሰ የቦሎሶ ወይም የዳሞት ወረዳ ዘፋኝ ግን በዚያች መሻገሪያ ስሙን አጣ። ይህ ያንገበግበኛል፤ የሠራ ሰው ስሙ ከሥራው ላይ መቅረት የለበትም።

ኢንተርኔቱ ዘግይቶ ደረሰ፤ ሲደርስ ግን በፍጥነት ነው። የጊቤ ሦስት ግድብ በወላይታና በዳውሮ መካከል በኦሞ ወንዝ ላይ ተሠርቶ በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዞ ነበር፤ ከዳሞታ ጀርባ ያሉ ብዙ ቤቶች ግን ስልካቸውን ለረጅም ጊዜ ያስሞሉት ገበያ ላይ በሳንቲም ወይም በትንሽ የፀሐይ መብራት ነው። ቢሆንም ዩቲዩብና ቴሌግራም ገቡ። እንደ ኮይሻ ሴታ ያሉ የወላይታ ድምፃውያን ክሊፕ ሶዶ ላይ ተለቆ በዚያው ሰዓት ጆሃንስበርግና ዋሽንግተን ይታያል። በ2011 ዓ.ም. የሙዚቃ አቀናባሪው ኤልያስ መልካና የሙያ ባልደረቦቹ አውታር የተባለውን መተግበሪያ ሥራ ላይ አዋሉ፤ ዘፈን በስልክ ሒሳብ እየተከፈለ በሕጋዊ መንገድ የሚደመጥበት ነበር። ኤልያስ በዚያው ዓመት ማግሥት፣ በመስከረም 2012፣ አረፈ። ሰዋሰው የተባለ ሌላ መተግበሪያም ተከተለ። የሶዶው ዎገታ ኤፍ ኤም 96.6 ደግሞ በወላይትኛ እያወራ ዘፈኑን በስም እየጠራ ያሰማል፤ በሚሞሪው ዘመን የጠፋውን ስም መልሶ ወደ ጆሮ ያመጣው ከሁሉ ይልቅ እርሱ ይመስለኛል።

አሁን ጎዳናው ላይ የሚሰማው የተደራረበ ነው። ባጃጁ ውስጥ ፍላሽ አለ፣ ነጂው ኪስ ውስጥ ቴሌግራም አለ፣ ሠርጉ ላይ አንድ ልጅ ስልኩን ከትልቅ ስፒከር ጋር አያይዞ ዩቲዩብ ይከፍታል፤ ኔትወርኩ ሲቆራረጥ ሚሞሪ ያለው ይጠራል። የጥሪ ማሳመሪያ አድርጎ መዝሙር የሚያስገባም ብዙ ነው፤ የሚደውልለት ሰው ሁሉ ሳይመርጥ ይሰማዋል። ወጣቱ ጆሮ ማዳመጫ ሰክቶ ብቻውን መስማት ለምዷል። ይህን እንደ ጥፋት የሚያዩ አሉ፤ እኔ አላይም። አምስት ሆነው በአንድ ክፍል ለሚኖሩ ልጆች የራስ የሆነች አንድ ሰዓት ማግኘት ትልቅ ነገር ነው።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በዩቲዩብ ያለ የወላይታ ዘፈን የተለቀቀበት ገጽ ቢዘጋ አብሮ ይጠፋል፤ አድማጩ እጅ ላይ ቅጂ የለም። አንዱ ርእሱን በላቲን፣ ሌላው በፊደል፣ አንዱ በነጠላ ሌላው በድርብ ሆሄ ስለሚጽፍ ያለውንም ፈልጎ ማግኘት አዳጋች ነው። ከሁሉ በላይ ከ1970ዎቹ እስከ 1990ዎቹ በካሴት የተቀዳው ወላይትኛ አብዛኛው ገና ወደ ዲጂታል አልተሻገረም። በሶዶና በቦዲቲ፣ በአረካም ቤቶች ውስጥ በካርቶን ተቀምጦ አለ። ክሩ ከርጥበት ጋር አይስማማም፤ ሽፋኑ ይላጣል፣ ማግኔቱ ይደክማል፣ ንብርብሩ እርስ በርሱ ይጣበቃል። የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በነሐሴ 2015 ሲመሠረት ሶዶ የክልል መቀመጫ ሆናለች፣ ዩኒቨርሲቲዋም አድጓል፤ አቅሙም ቦታውም አለ።

ሥራው የሚፈልገው ብዙ አይደለም። ጎማው ያልላላ፣ ራሱ በአልኮል የተጠረገ አንድ ቴፕ፤ ከእርሱ ወደ ኮምፒውተር የሚሄድ ሽቦ፤ የተገለበጠው ሳይታመቅ የሚቀመጥበት ዲስክ፣ አንዱ ሲበላሽ እንዲተካ ሁለት ቅጂ። መጀመሪያ የሚገለበጡት በግል የተቀዱት ናቸው፤ የሠርጉ፣ የለቅሶው፣ የተዘጋው ጸሎት ቤት መዝሙር፣ ሌላ ቅጂ የሌላቸው። ለስድሳ ደቂቃ ካሴት ስድሳ ደቂቃ ይፈጃል፤ ማፍጠኛ የለውም፣ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ መስማት አለበት። የሚሰማውም ሰው የካሴቱ ባለቤት ከሆኑት አባት ወይም እናት ጋር አብሮ ቢሰማ ይሻላል፤ አውራጁ ማን ነው፣ ይህ የማን ሠርግ ነበር፣ ዲንካውን የሚነፉት ከየትኛው ቀበሌ ናቸው ብሎ እየጠየቀ፣ መልሱን በፋይሉ ስም ላይ እየጻፈ።